«ባልዲው ሞልቶ አደረ» ስንት ሚሊሜትር ነው?

ሐምሌ ጠዋት ጎጃም ውስጥ ሰላምታው እንዳለቀ የሚነሳው ወሬ አንድ ነው፤ የሌሊቱ ዝናብ። «ስንት ዘነበ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ኧረ ተዉት፣ ባልዲው ሞልቶ አደረ!» የትኛው ባልዲ? ሜዳ ላይ ያለው ነው ወይስ ጠፈጠፍ ሥር የተቀመጠው? አፉ ስንት ነው? ከመቼ ጀምሮ ተቀመጠ? መልስ የለም። ይኸው ሰው ቀጥሎ ስልኩን ያወጣና «ይኼ ግን 6 ሚሊሜትር ይላል፣ ውሸታም!» ይላል። ስልኩ ሊሳሳት ይችላል። ባልዲው ግን ለመሳሳት እንኳን የሚበቃ ቁጥር አልሰጠም።

ግቢ ውስጥ ዝናብ መለካት ከባድ ሥራ አይደለም፣ ወጪውም ከአንድ ሲሪንጅ አይበልጥም። የሚያበላሹት በየክረምቱ የሚደጋገሙ ጥቂት እምነቶች ናቸው።

«ትልቅ ዕቃ ብዙ ዝናብ ይለካል»

ይህ የስሕተቶቹ ሁሉ አባት ነው። ዝናብ የሚለካው በቁመት ነው። የወረደው ውሃ ሳይሰርግ፣ ሳይፈስና ሳይተን ደልዳላ መሬት ላይ ቢቆም ስንት ሚሊሜትር ከፍ ይል ነበር? ጥያቄው ይኼ ብቻ ነው። 1 ሚሊሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ ግድግዳቸው ቀጥ ያለ ጣሳና በርሜል ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ቢያድሩ በሁለቱም ውስጥ የውሃው ቁመት እኩል ይሆናል። በርሜሉ ብዙ ሊትር ይይዛል፣ ነገር ግን የተቀበለበት አፍም በዚያው ልክ ሰፊ ነው።

ባልዲ ላይ ነገሩ የሚበላሸው ግድግዳው ቀጥ ስላልሆነ ነው። አፉ 30 ሴንቲሜትር፣ ታቹ 22፣ ቁመቱ 28 ሴንቲሜትር የሆነ ባልዲ እንውሰድ። ሌሊቱን 50 ሚሊሜትር ቢዘንብ በዚያ ሰፊ አፍ 3.5 ሊትር ያህል ይገባል። ያ ውሃ ግን የሚቀመጠው ጠባቡ ታች ላይ ነው። ጠዋት ማስመሪያ ብታስገቡ 84 ሚሊሜትር አካባቢ ታነባላችሁ። 34 ሚሊሜትር ከየት መጣ? ከባልዲው ቅርጽ። ጆግም፣ ሳፋም፣ አፉ የሰፋ ማንኛውም ዕቃ ያው ነው። ገንቦና ጀሪካን ደግሞ አፋቸው ጠባብ፣ ሆዳቸው ሰፊ ስለሆነ በተቃራኒው አሳንሰው ይናገራሉ።

መፍትሔው ማስመሪያውን መተው ነው። ውሃውን በሚሊሊትር ለኩት፣ በዕቃው አፍ ስፋት አካፍሉት፣ በ10 አባዙት። የአፉን ስፋት ለማግኘት ከዳር እስከ ዳር ለኩ፣ ግማሹን በራሱ አባዙ፣ ከዚያ በ3.14። አፉ 9 ሴንቲሜትር ከሆነ 4.5 ሲባዛ በ4.5 ሲባዛ በ3.14፣ 63.6 ካሬ ሴንቲሜትር ይመጣል። ጠዋት 210 ሚሊሊትር ከተገኘ 210 ለ63.6 ሲካፈል በ10 ሲባዛ 33 ሚሊሜትር። አለቀ። የታችኛው ቅርጽ ጠባብም ሆነ ሰፊ፣ ጎርባጣም ሆነ ለስላሳ፣ ምንም ለውጥ አያመጣም። ወሳኙ አፉ ብቻ ነው።

አፉ ወሳኝ ስለሆነም አፉን በግምት አትለኩ። 9 ሴንቲሜትሩን 9.5 ብትሉት ያው 210 ሚሊሊትር 29.6 ሚሊሜትር ይሆንባችኋል። ግማሽ ሴንቲሜትር ስሕተት ከአሥር እጅ አንዱን ዝናብ በላች ማለት ነው። የውስጡን ልክ በሁለት አቅጣጫ፣ በመስቀልያ ለኩና አማካዩን ውሰዱ፤ ፕላስቲክ ሲቆረጥ ክብነቱን ያጣል።

ዕቃው ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ቢሆን ይበቃል። ትከሻው መጥበብ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ግድግዳው ገና ቀጥ ባለበት ቁረጡ። ክዳኑን ጣሉና የላይኛውን ክፍል ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ በታችኛው ውስጥ ክተቱት፤ ሁለቱ ጠርዞች እኩል ይሁኑ። ይህ ጠባብ አንገት ለጌጥ አይደለም፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል ውሃው እንዳይተን የሚከለክለው እሱ ነው። ነፋስ እንዳይጥለው ብሎ ታቹ ላይ ጠጠር የሚጨምር አለ። አይደረግም፤ በጠጠሩ መሃል የሚቀረው ውሃ ወደ ሲሪንጁ አይመጣም። በሽቦ ቋሚ እንጨት ላይ እሰሩት። ከመድኃኒት ቤት ባለ 20 ሚሊሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌው ግዙ። የጠርሙሱ አፍ 9 ሴንቲሜትር ከሆነ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 6.4 ሚሊሊትር ስለሆነ ካፊያዋም ሳትቀር ትለካለች።

ስሌት የሰለቸው ሰው አፉ በውስጥ ልኩ 11.3 ሴንቲሜትር የሆነ ዕቃ ይፈልግ። ስፋቱ 100 ካሬ ሴንቲሜትር ይመጣል፤ 10 ሚሊሊትር ልክ 1 ሚሊሜትር ነው፣ 1 ሚሊሊትር ደግሞ 0.1። የፍሳሽ ቱቦ የሚጠቀሙ ግን ይጠንቀቁ፤ «110» የሚባለው ቱቦ 110 የሆነው በውጭ ልኩ ነው፣ የውስጡ ያንሳል።

«በርሜሉ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ስለዚህ ከባድ ዝናብ ነበር»

60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ ወደ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢገባ፣ በርሜሉን ለመሙላት 3.3 ሚሊሜትር ይበቃል። ቆርቆሮው ላይ የሚቀረውንና ከአሸንዳው የሚዘለውን ጨምሩና 4 በሉት። ነሐሴ ውስጥ ይህ ማለት የአንድ ከሰዓት ተራ ዝናብ ነው። በርሜል ከሞላ በኋላ 5 ሚሊሜትር ይዝነብ 60፣ መልሱ አንድ ነው፤ ሞላ።

«ጣሪያ ላይ ቢሰቀል ምንም አይከልለውም»

አይከልለውም፣ ነፋሱ ግን ይዘርፈዋል። ነፋስ ከግድግዳው ጋር ተጋጭቶ በጣሪያው ላይ ሲሻገር ይፈጥናል፣ ይሽከረከራል፣ ጠብታውን ከዕቃው አፍ አሻግሮ ይጥለዋል። ጣሪያ ላይ ያለ መለኪያ የሚያንሰው በተለይ ዝናቡ ነፋስ ቀላቅሎ ሲመጣ ነው፤ ማለትም ሊያዝ ሲገባው።

ትክክለኛው ቦታ ሣር ላይ፣ አፉ ከመሬት 1 ሜትር አካባቢ ከፍ ያለ ነው። ሲሚንቶ ወይም ጭቃ ላይ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ የሚፈናጠረው ውሃ ይገባል። ከቤትና ከዛፍ የሚርቀው ደግሞ እንዲህ ነው፦ የጋሬጣውን ከፍታ ውሰዱ፣ የመለኪያውን አፍ ከፍታ ቀንሱ፣ በ2 አባዙ። 4 ሜትር ቤት ከሆነ 3 ሲባዛ በ2፣ 6 ሜትር። 16 ሜትር ባሕር ዛፍ ከሆነ 30 ሜትር ይመጣል፤ የከተማ ግቢ ደግሞ ይህን አይሰጥም። እንግዲያው የሚቻለውን አድርጉና ጋሬጣው በየት በኩል፣ በስንት ሜትር ላይ እንዳለ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። የታወቀ ጉድለት ያለው መለኪያ፣ ጉድለቱ ከተደበቀበት በእጅጉ ይሻላል።

ቋሚው እንጨት ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። የመለኪያው አፍ ከእንጨቱ ጫፍ በአንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ይበል፣ የእንጨቱም ጫፍ መለኪያው ከሌለበት ወገን አዘቅዝቆ ይቆረጥ፤ አለዚያ ጫፉን የመታው ጠብታ ተፈናጥሮ ይገባል። አፉ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ አስተካክሉ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ መሬቱ ስለሚረጥብ ቋሚው መዝመሙ አይቀርም፤ ዋልካ ላይ ያለ ከሆነ በየሳምንቱ እዩት።

«ዝናቡ ሲያባራ ወጥቶ መለካት ነው»

ሲያባራ የሚለካ ሰው የዝናብ ልክ እንጂ የቀን ልክ የለውም፤ የእሱን ማክሰኞ ከማንም ማክሰኞ ጋር ማወዳደር አይቻልም። በአገራችን የሜትዎሮሎጂ ጣቢያዎች የቀኑን ዝናብ የሚያነቡት ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እናንተም 3 ሰዓት ላይ ለኩ። ሐሙስ ጠዋት የተነበበው ከረቡዕ 3 ሰዓት እስከ ሐሙስ 3 ሰዓት የወረደው ነው፤ «የሐሙስ ጠዋት ንባብ» ብላችሁ መዝግቡና ክረምቱን ሙሉ ይህን አትለውጡ። 3 ሰዓት ላይ እየዘነበ ከሆነ እስኪያባራ አትጠብቁ። ውሃውን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ፣ መለኪያውን ወዲያው መልሱ፣ ደጅ ሳትቆሙ ቤት ገብታችሁ ለኩ።

ይህ በተለይ ባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ላሉ ያስፈልጋል። ደጋው ላይ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ሲጥል፣ ሐይቁ ዳር ሌሊት የሚወርደው ብዙ ነው። ቀኑን ከሌሊት 6 ሰዓት የሚቆርጥ ሰው አንዱን ዝናብ ለሁለት ቀን ይከፍለዋል። ብዙ የስልክ መተግበሪያዎች እንዲያ ነው የሚቆርጡት፣ እናም ከደብተራችሁ ጋር ባይገጥሙ አይግረማችሁ።

«ስልኬ ይነግረኛል»

ስልኩ የሚነግራችሁ ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተር ስሌት ወይም በሳተላይት ለኪሎ ሜትሮች ስፋት የተገመተ አማካይ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ማንም አልገባም።

«የጎረቤቴ 12፣ የእኔ 31፤ አንዱ ተሳስቷል»

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የክረምት ደመና ዶፉን መንደር እየለየ ይጥላል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ብዙ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፣ በሌላ በኩል ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሟል፤ «የጎጃም ዝናብ» የሚባል አንድ ቁጥር ከየት ይመጣል? የሚያጠራጥረው ቅርብ ለቅርብ ያሉ ሁለት መለኪያዎች በየቀኑ፣ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ሲለያዩ ነው። ያኔ አንደኛው ጋሬጣ ሥር ነው፣ ወይም አፉ በስሕተት ተለክቷል።

«ቆርቆሮው ሲጮህ ያደረ ከባድ ዝናብ ነው»

ቆርቆሮ የሚናገረው ፍጥነቱን ነው። በሰዓት 60 ሚሊሜትር የሚጥል ዶፍ 10 ደቂቃ ቢቆይ 10 ሚሊሜትር ነው። በሰዓት 3 ሚሊሜትር የሚያርከፈክፍ 4 ሰዓት ቢቆይ 12። ሳር ቤት ውስጥ ያደረ ሰው ሁለተኛውን ጨርሶ አልሰማውም።

«በረዶ ዝናብ አይደለም፣ አይቆጠርም»

ይቆጠራል፣ ሲቀልጥ። አንገቱን የደፈነውን በረዶ በማስመሪያ አትለኩ። 50 ሚሊሊትር ለብ ያለ ውሃ ለክታችሁ ጨምሩ፣ ሁሉም ይቅለጥ፣ ድምሩን ለኩና 50ውን ቀንሱ። ከአፉ የነጠረ እንዳለ ካያችሁ «በረዶ፣ ያነሰ ሊሆን ይችላል» ብላችሁ ከጎኑ ጻፉ።

«ባዶ ነው፣ ስለዚህ አልዘነበም»

ሌሊቱን ሲዘንብ ሰምታችሁ ጠዋት ባዶ ከሆነ መጀመሪያ አንገቱን እዩ። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የሸረሪት ድር ወይም የወፍ ኩስ ደፍኖት ውሃው በላይ ፈሷል። ሳምንት ሳምንት እጠቡት። ወንፊት ከፈለጋችሁ አንገቱ ላይ አድርጉ፤ አፉ ላይ ካደረጋችሁት ጠብታውን ያነጥረዋል። ጠርሙሱ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃልና ሰኔ በገባ ቁጥር በአዲስ ቀይሩት፣ አፉንም እንደገና ለኩ።

ከዚህ የባሰው ዜሮ ግን ያልተለካበት ቀን ዜሮ ነው። ለቅሶ ወይም ገበያ ሄዳችሁ ሁለት ቀን ካለፈ ባዶውን ቦታ በ0 አትሙሉ። በሦስተኛው ቀን የተገኘውን «የ3 ቀን ድምር» ብላችሁ ጻፉ። 0 ማለት አየሁ፣ አልነበረም ማለት ነው። ሰረዝ ማለት አላየሁም ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተደባለቁ የወሩ ድምር ዋጋ የለውም።

«ሐምሌ ጁላይ ነው»

አይደለም። ሐምሌ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ነው። የሐምሌን ድምር በፈረንጅ ወር ከታተመ የጁላይ ቁጥር ጋር የሚያወዳድር ሰው በአንድ ሳምንት ያህል የተዛነፈ ዝናብ ነው የሚያወዳድረው። ጳጉሜንም ከነሐሴ ጋር የሚደምራት አለ፣ ከመስከረም ጋር የሚደምራት አለ፣ ጨርሶ የሚረሳትም አለ። ደብተሩ ላይ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ፤ ሁለት ዓምድ ነው።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት»

ተረቱ ደስ ይላል፣ ዶሮዋም ትጩህ፣ መለኪያውን ግን አታንሱ። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር እንኳ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ስለሆነ ገና ከአንድ ወር በላይ ይቀረዋል። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 1,300 ያገኛሉ። ባሕር ዳር ላይ ከግማሽ የሚበልጠው በጁላይና በኦገስት ይወርዳል፣ የኦገስት መጨረሻ ደግሞ ከቡሄ በኋላ ነው። ጤፍ ያለውም ሰው ማወቅ የሚፈልገው የመስከረሙን ዝናብ ነው፤ ቶሎ ቆረጠ ወይስ ቆየ? ደብተሩ በቡሄ ከተዘጋ መልሱ የለም። መለኪያው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይቁም። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት የምታገኟት ጠብታ ጤዛ ናት፤ ሰማዩ ጠርቶ ካደረና ከ0.2 ሚሊሜትር ካነሰች «ጤዛ» ብላችሁ ጻፏት፣ ከዝናቡ ጋር አትደምሯት።