አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን፦ ታሪኩ የቱ ነው፣ አፈ ታሪኩስ?

አራት ኪሎ አካባቢ መንፈሳዊ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው አባ ሰላማ ማን ናቸው ብትሉት የመጀመሪያው ጳጳሳችን ናቸው ይላችኋል፣ ልክ ነው፣ ግን እኚህ ሰው ወደዚህ አገር ሲመጡ ሊሰብኩ አልነበረም፣ እንደውም መምጣትም አላሰቡም። ስማቸው ፍሬምናጦስ፣ አገራቸው ጢሮስ (የዛሬዋ ሊባኖስ ውስጥ)፣ ዘመናቸው 4ኛው ክፍለ ዘመን።

ዋናውን ታሪክ የጻፈልን ሩፊኖስ የሚባል የላቲን ጸሐፊ ነው፣ በፈረንጆቹ 400 እንዳለፈ። እሱም ከፍሬምናጦስ ጋር ከነበረው ከኤዴስዮስ አፍ ሰማሁት ይላል (የኛ ትረካ ሲድራኮስ የሚለው)። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ሁለቱን ልጆች ይዞ "ህንድ" ሊያይ ይነሳል፣ ያኔ ሮማውያን ከቀይ ባህር ወዲያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ህንድ ነበር የሚሉት፣ ሲመለሱ ውሃና ስንቅ ሊይዙ አንድ ወደብ ይቆማሉ፣ በዛ ሰሞን ደሞ የአገሬው ሰው ከሮም ጋር የነበረው ውል ፈርሶ ስለነበር መርከቡ ላይ ያገኙትን ሁሉ ፈጁት። ልጆቹ ግን ዛፍ ስር ቁጭ ብለው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙና ታዘነላቸው፣ ለአክሱም ንጉሥ ተሰጡ። ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፣ ፍሬምናጦስ ብስለቱ ስለታየ ግምጃ ቤቱንና ጽሕፈቱን ያዘ። ባሁኑ አነጋገር ገንዘብ ሚኒስትርም ሴክሬታሪም በሉት። ንጉሡ ሊሞት ሲል ነጻ ለቀቃቸው፣ ንግሥቲቱ ግን ልጄ እስኪያድግ ጥላችሁኝ አትሂዱ ብላ ለመነቻቸው፣ ቆዩ።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ጋ ነው። ስልጣኑ እጁ ሲገባ አደባባይ ወጥቶ አልሰበከም፣ ለንግድ የሚመጡትን የሮም ክርስቲያኖች እየፈለገ ጸሎት ቤት ሥሩ፣ ቦታውንም የሚያስፈልገውንም እኔ እሰጣለሁ ነበር የሚላቸው። ማለትም ክርስትና ቤተ መንግሥት የገባው በነጋዴና በቢሮ ሥራ በኩል ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያነሳውም። ልጁ ካደገ በኋላ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ቸኮለ፣ ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ሄዶ በፈረንጆቹ በ328 የእስክንድርያ ፓትርያርክ ሆኖ የተሾመውን አትናቴዎስን ጳጳስ ላክላቸው ቢለው፣ ካንተ ሌላ ማን አለ ተብሎ ራሱ ተሹሞ ተመለሰ።

ለውጡን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም፣ ከአራት ኪሎ ሽቅብ ሲሉ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፣ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ደሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም፣ የአክሱም ዘመን ነገር አላቸው። በፍሬምናጦስ ዘመን የነበረው የአክሱም ንጉሥ ኢዛና መጀመሪያ ያሳተመው ሳንቲም ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበረ፣ በኋላ እነሱ ወጡና መስቀል ገባ። ወርቁ አሁን ካለችው የአንድ ብር ሳንቲም ያንሳል፣ ግን ሮም ነጋዴ እጅ ሲደርስ መልእክቱ ግልጽ ነው። የድንጋይ ጽሑፉም እንደዛው፣ ቀድሞ ማሕረም የሚባለውን የጦርነት አምላክ ሲያመሰግን የነበረው ኋላ ላይ የሰማይን ጌታ ይጠራል።

ከዛ በፈረንጆቹ በ356 አካባቢ የሮሙ ቄሳር ቆስጠንጢዮስ፣ አርዮሳዊው (ወልድ ፍጡር ነው የሚሉትን የሚደግፍ፣ የአትናቴዎስ ጠላት)፣ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፦ ፍሬምናጦስን እስክንድርያ ላኩት፣ በአትናቴዎስ ቦታ እኔ የሾምኩት ጊዮርጊስ ይመርምረው ብሎ። ደብዳቤው የተረፈው አትናቴዎስ ራሱን ሲከላከል በጻፈው ውስጥ ስለገለበጠው ነው፣ ጠላቱ ያስቀመጠለት ማስረጃ በሉት።

አፈ ታሪኩ ግን ሌላ ጣዕም አለው። በአገራችን ትረካ ነገሥታቱ አብርሃና አጽብሃ ናቸው፣ ወንድማማቾች፣ አብረው የነገሡ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ስሙ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአክሱሙ ንጉሥ ከካሌብ (እለ አጽብሃ) እና ከየመኑ ገዥ ከአብርሃ ተቀላቅሎ የመጣ ነው ይላሉ። ሌላው ደስ የሚለው ፍሬምናጦስ ትገረዛላችሁ፣ ታምናላችሁ፣ ጥምቀት ግን የላችሁም፣ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቅ የተመለሰለት ነው፦ ግዝረቱን ሌዋውያን አባቶቻችን አመጡልን፣ እምነቱን የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ፣ ሐዋርያ ግን አልመጣልንም። የግዕዝ ፊደልን ካዕብ ሳልስ እያሉ ያበጁት እሳቸው ናቸው የሚባልም አለ፣ የፊደሉ ለውጥ በርግጥ በኢዛና ዘመን ጽሑፎች ላይ ይታያል። መጽሐፍ ቅዱስ ተረጎሙ ሲባል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አባ ሰላማ መተርጉም የሚባሉ ሌላ ጳጳስ ስለነበሩ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

እሳቸው የጀመሩት የእስክንድርያ ገመድ ረዥም ነው፣ ከዛ በኋላ ሊቀ ጳጳሱ ከግብፅ ነበር የሚመጣው። ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መሾም የጀመሩት በ1921 ዓ.ም. ነው፣ ከነዛ አንዱ አራዳ ላይ ሐውልታቸው የቆመው አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ራሱን የቻለ ፓትርያርክ የመጣው በ1951 ዓ.ም.፣ አቡነ ባስልዮስ። ዛሬም የፓትርያርኩ ቢሮ አዲስ አበባ ሆኖ ማዕረጋቸው ውስጥ "ሊቀ ጳጳስ ዘአክሱም" የሚል አለ፣ የአባ ሰላማ መንበር መሆኑ ነው። የአባ ሰላማ በዓል ሐምሌ 26 ነው።