የሜክሲኮ ፒቸር የስራ ህይወት፦ ሰመር አንድ ሊግ፣ ዊንተር ሌላ ሊግ

ሜክሲኮ ሲባል መጀመሪያ ትዝ ሚለን ኳስ ነው፣ ከዛ ቦክስ፣ ግን ሰሜን ምዕራብ ያሉት ሶኖራና ሲናሎዋ ክፍለ ሀገሮች ውስጥ ቤዝቦል ነው ንጉሱ። ፒቸር ማለት ደሞ ኳሷን ለመቺው ሚወረውረው ሰውዬ ነው፣ ጨዋታው በሱ እጅ ነው ብትል ብዙም አልተሳሳትክም።

አገሪቷ ሁለት ዋና ሊግ አላት። የሜክሲኮ ሊግ ሚባለው በ1925 የተመሰረተ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ከኤፕሪል ጀምሮ ሰመሩን በሙሉ ይጫወታል። ሁለተኛው የፓሲፊክ ሊግ ነው፣ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ እነ ኤርሞሲዮ፣ ኩሊያካን፣ ማሳትላን ላይ ይካሄድና ሻምፒዮኑ ፌብሩዋሪ ላይ ለካሪቢያን ሲሪስ (የአካባቢው አገሮች ሻምፒዮኖች ሚገናኙበት ውድድር) ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ፒቸር በአንድ ዓመት ሁለቱም ላይ ይወረውራል፣ እረፍት ሚባል ነገር ብዙም የለም፣ ክንዱ ነው እንግዲህ እዳውን ሚከፍለው።

የሜክሲኮ ሊግ በ1955 የአሜሪካ ማይነር ሊግ (የታችኞቹ ሊጎች) ስርዓት ውስጥ ገብቶ በ1967 ትሪፕል ኤ ተባለ፣ ማለትም ከሜጀር ሊግ፣ ከአሜሪካ ትልቁ ሊግ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ነገሩ የወረቀት ነበር፣ ምክንያቱም አሜሪካ ውስጥ የማይነር ተጫዋች በአብዛኛው የላይኛው ክለብ ንብረት ነው፣ ሲፈልጉ ያወጡታል ሲፈልጉ ያወርዱታል፣ የሜክሲኮ ክለቦች ግን ከላያቸው ጌታ የላቸውም፣ የሚጫወቱት ለራሳቸው ዋንጫና ለራሳቸው ደጋፊ ነው። ከ2021 ወዲህ ደረጃው ቀርቶ የሜጀር ሊግ አጋር ብቻ ነው ሚባለው።

ጌታ የላቸውም ስል ተጫዋቹ ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። ኮንትራቱ የክለቡ ነው፣ የአሜሪካ ቡድን ልጁን ከፈለገው ከክለቡ ይገዛዋል፣ ለብዙ ዓመት ከሽያጩ 75 በመቶው ለክለቡ ነበር ሚገባው፣ ወርዋሪው ሩቡን ይዞ ይሄዳል። በ1980 ተጫዋቾች ማህበር አቋቁመው አድማ መቱ፣ ሲዝኑ ተቃወሰ፣ የሽያጩ ነገር ግን እንዳለ ቀጠለ። በ2018 ሜጀር ሊግ ራሱ በሙስና ጥርጣሬ ከነዚህ ክለቦች ተጫዋች መግዛት አቆመና በ2019 አዲስ ስምምነት መጣ።

በጣም ሚታወቀው የሽያጭ ታሪክ የፈርናንዶ ቫሌንዙዌላ ነው። ሶኖራ ውስጥ ኤቾዋኪላ ሚባል የገጠር መንደር በ1960 ተወለደ፣ የ12 ልጆች የመጨረሻ። ማይክ ብሪቶ የተባለ ስካውት (ተጫዋች ፈላጊ) ሌላ ተጫዋች ሊያይ ሄዶ ዓይኑ ይሄ ወፍራም ግራኝ ላይ አረፈ፣ የሎስ አንጀለሱ የሜጀር ሊግ ቡድን ዶጀርስ በ1979 በ120,000 ዶላር ገዛው። ስክሩቦል ሚባለውን አወራወር ያስተማረው የዶጀርስ ፒቸር ቦቢ ካስቲዮ ነው፦ ኳሷ ስትለቀቅ የእጅ አንጓ ከተለመደው በተቃራኒ ይጠመዘዛል፣ አውራ ጣት ወደ ታች እስኪዞር ድረስ፣ እና ግራኝ ሲወረውራት ከቀኝ መቺ ሸሽታ ትወርዳለች፣ መቺው አየር መትቶ ይቀራል። በ1981 የመክፈቻው ቀን ሊወረውር የነበረው ጄሪ ሮይስ ተጎድቶ በሱ ቦታ ገባ፣ ሂውስተንን 2 ለ 0 ሸኘ፣ እሱን ጨምሮ 8 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፣ በዛው ዓመት የምርጥ ጀማሪም የሳይ ያንግም (የምርጥ ፒቸር) ሽልማት ወሰደ፣ ሁለቱን በአንድ ሲዝን የወሰደ ሌላ ሰው እስካሁን የለም።

ግን አብዛኛው ፒቸር ፈርናንዶ አይሆንም፣ እዛው አገሩ ሰርቶ እዛው ይጨርሳል፣ ይሄን እንደ ውድቀት ሚያዩት ሰዎች ይገርሙኛል። ቬራክሩዝ ክፍለ ሀገር የተወለደውን ራሞን አራኖን እዩት፣ በሜክሲኮ ሊግ 334 ጨዋታ አሸንፏል፣ ሪከርዱ እስካሁን አልተነካም፣ 60 ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳን በ2001 ወጥቶ ወርውሯል! ሊጉ ደሞ ለወርዋሪ ምቹ አይደለም። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ነው ያለችው፣ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ብላ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታች ኳስ ሩቅ ትበራለች፣ መታጠፍ የነበረባት ኳስ ደሞ ቀጥ ብላ ትመጣለች። እዛ ሜዳ ላይ የተበላሸ ቁጥር ያለው ፒቸር ስታይ አትፍረድበት።

የድሮውም ደረጃ ቀላል አልነበረም፣ ኩባዊው ማርቲን ዲኢጎ በ1938 ለቬራክሩዝ 18 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ፣ በዛ ላይ በመምታትም ሊጉን መራ። በ1946 ደሞ ሀብታሙ ሆርሄ ፓስኬል ከሜጀር ሊግ ተጫዋቾችን በብር አማሎ ሲወስድ አሜሪካኖቹ ደንግጠው የሄዱትን በሙሉ በ5 ዓመት እገዳ ቀጧቸው፣ በ1949 ነው ያነሱላቸው።

ከላይ የወጡትም ቢሆኑ መጨረሻቸው ብዙ ጊዜ ወደ አገር ነው። ዶጀርስ በ1991 ሲያሰናብተው ፈርናንዶ በ1992 ሜክሲኮ ሊግ ገብቶ ለሀሊስኮ ወረወረ፣ ከዛ ወደ ሜጀር ተመልሶ እስከ 1997 ቆየ፣ ከዛም በኋላ በዊንተር ሊግ መወርወሩን አልተወም። በ2017 ደሞ ቲግሬስ ሚባለውን የሜክሲኮ ሊግ ክለብ ገዛ። ሊጉ በ2019 ማንም ቡድን የሱን 34 ቁጥር እንዳይለብስ ወሰነለት፣ ዶጀርስ ይሄንኑ በይፋ ያደረገው በ2023 ነው፣ ከማረፉ አንድ ዓመት ብቻ ሲቀረው።