የመጽሐፍ ውይይት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት

በአዲስ አበባ ደራሲና አንባቢ በቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የሚገናኙት በሁለት ዓይነት መድረክ ነው፦ በምረቃና በውይይት። በምረቃ ዕለት መጽሐፉን ያነበበው ሰው ጥቂት ነው፤ ዕለቱ የምስጋና፣ የሽያጭና የፊርማ ነው። ውይይት ግን ከተነበበ በኋላ የሚመጣ ነው። መጽሐፉ ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው የሚጠራ ውይይት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ምረቃ ሆኖ ያልፋል።

በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ሰው ዛሬም ወመዘክር የሚለው፣ ለዚህ ልማድ ብዙ ውለታ ውሏል። ሚዩዚክ ሜይዴይ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በአዳራሹ ያካሄዳቸው የእሁድ ከሰዓት ውይይቶች ታዳሚው አንብቦ እንዲመጣ ያስለመዱ ነበሩ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለመሰል ዝግጅቶች ሰፊ ቦታ ጨምሯል።

መድረኩን ሦስት ሰዎች ይይዙታል፦ መድረክ መሪው፣ መነሻ ጽሑፍ አቅራቢውና ደራሲው። መጽሐፉ አቅራቢው እጅ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት መግባት አለበት። አቅራቢው የደራሲው የቅርብ ወዳጅ ከሆነ ዳሰሳው ወደ ሙገሳ ያዘነብላል፤ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር የሚተርክ ከሆነ ደግሞ ያላነበበው ይሰላቻል፣ ያነበበው ይበሳጫል። አንድ የአጻጻፍ ጥያቄ መርጦ ከገጽ ገጽ እያጣቀሰ የሚያቀርብ ይሻላል።

ለሁለት ሰዓት መርሐ ግብር 25 ደቂቃ ለመነሻ ጽሑፉ፣ አንድ ሰዓት ለታዳሚው፣ 20 ደቂቃ ለደራሲው ይበቃል። ቀሪው መግቢያና ለአፍታ ክራር ወይም ዋሽንት ነው። ደራሲው መጨረሻ ላይ ይናገር። ቀድሞ «ለማለት የፈለግኩት ይህ ነው» ካለ፣ በራሱ መንገድ የተረዳው አንባቢ አፉን ይዘጋል።

ብዙ መድረክ የሚበላሸው በአስተያየት ሰዓት ነው። «አጭር አስተያየት አለኝ» ብሎ የተነሳ ሰው ሩብ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ማይክራፎኑ ከአስተናጋጁ እጅ አይውጣ፤ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጥ፣ ይህም መጀመሪያ ላይ ለሁሉም ይነገር። ጥያቄዎች ሦስት ሦስት እየሆኑ ሲሰበሰቡ መድረክ መሪው በጽሑፍ ይያዛቸው፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ይረሳል።

ሌላው ጣጣ ድምፅ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከግድግዳው ማዶ ለፈተና የሚያነብ ተማሪ አለ። አንድ ትልቅ ስፒከር ከማስጮህ ሁለት ትንንሾች በአዳራሹ መሃል ቢቀመጡ ለሁለቱም ይበጃል። የማይክራፎን ባትሪ ትርፍ ይያዝ፤ ጄኔሬተር ካለም በዋዜማው ተነስቶ ይሞከር። ወንበርም ከሚጠበቀው ሰው እምብዛም አይብለጥ፤ 60 ሰው በ300 ወንበር ላይ ሲበታተን መናገር ያሳፍራል።

የልጆች ተረት ሰዓት የራሱ ሥርዓት አለው፦ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ከ20 ባልበለጡ ልጆች። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ ገና አልተሰበሰቡምና ይድገመው።

ሰው አዳራሹን ለቆ ሲወጣ የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ አያበቃም። መዘክር ማለት መታሰቢያ ነውና፣ ስንትና ስንት ጥሩ ዳሰሳ ተነቦ በዚያው መቅረቱ ያሳዝናል። የድምፅ ቅጂው፣ የመነሻ ጽሑፉ አንድ ቅጂ፣ ቀኑና የተናጋሪዎቹ ስም በመጽሐፉ መለያ ቁጥር ይመዝገቡ፤ የድምፅ ቅጂው ለሕዝብ እንዲቀርብም ደራሲውና አቅራቢው መድረክ ላይ ሳይወጡ በፊት ፈቃዳቸውን በፊርማ ይስጡ።