የችሎታና የአቅም ቃላት ከእንግሊዝኛ ወደ ሩስኛ

እንግሊዝኛ «አቢሊቲ»፣ «ኬፓቢሊቲ» እና «ካፓሲቲ» በሚሉት ቃላት የሰውንም የማሽንንም አቅም ይገልጻል። ሩስኛ ግን የአቅሙ ባለቤት ማን እንደሆነና በምን እንደሚለካ ካልታወቀ ትክክለኛውን ቃል አይሰጥም። ስለዚህ ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት ጉዳዩን ማወቅ ይኖርበታል።

ይህ ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በ«ካፓሲቲ» ላይ ነው። በአምፔር ሰዓት የሚለካው የባትሪ አቅም «ዮምኮስት» ይባላል። የኃይል ማመንጫ በሜጋዋት የሚለካ አቅም «ሞሽኖስት» ሲሆን የፋብሪካ የማምረት አቅምም በዚሁ ስም ይጠራል፤ አዳራሽ የሚይዘው የሰው ብዛት «ቭመስቲሞስት»፣ ክሬን የሚያነሳው ክብደት «ግሩዞፖድዮምኖስት»፣ አንድ መንገድ የሚያሳልፈው የተሽከርካሪ ብዛት ወይም የመገናኛ መስመር የሚያስተላልፈው የመረጃ መጠን ደግሞ «ፕሮፑስክናያ ስፖሶብኖስት» ነው። የመኪና ሞተር ሲሆን «ራቦቺ ኦብዮም» ይባላል፤ እዚህ ላይ «ሞሽኖስት» ብሎ የተረጎመ ሰው ሲሲውን ወደ ፈረስ ጉልበት ቀየረው ማለት ነው።

ወደ ሰው ሲመጣ ዋናው ቃል «ስፖሶብኖስት» ነው። የሶቪየት የሥነ ልቦና ምሁር ቦሪስ ቴፕሎቭ (1896–1965) ቃሉን የተጠቀሙበት አስቀድሞ ለተገኘ ዕውቀት ወይም ሙያ ሳይሆን፣ እነዚህን በቀላሉና በፍጥነት ለመቅሰም ለሚያስችል የግል ባሕርይ ነው፤ አብሮ የሚወለደውን መነሻ ለብቻው «ዛዳትኪ» ብለው ለይተውታል። በዚህ አገባብ «ስኪል»ን (ክህሎትን) «ስፖሶብኖስት» ማለት ስሕተት ይሆናል። ለእርሱ የትምህርት ባለሙያዎች ሁለት ቃላት አሏቸው። ማርሹን እያሰበ የሚቀይር ጀማሪ ሾፌር «ኡሜኒዬ» አለው፤ ልቡ መንገዱ ላይ ሆኖ እጁ ብቻውን የሚቀይርለት ደግሞ «ናቪክ» አዳብሯል። የቅጥር ማስታወቂያዎች «ሶፍት ስኪልስ»ን «ጊብኪዬ ናቪኪ» ማለትን ለምደዋል፤ ትርጉሙ ተለማጭ ናቪክ ማለት ስለሆነ፣ በልምምድ ብዛት ሳይታሰብ የሚሠራን ነገር ተለማጭ ማለቱ ከቆየው የትምህርት አገባብ ጋር እምብዛም አይስማማም።

የስልክ ወይም የሶፍትዌር «ኬፓቢሊቲስ» በብዙ ቁጥር «ቮዝሞዥኖስቲ» ይሆናል፤ ይኸው ቃል በነጠላ ሲነገር ግን ዕድል ወይም ሊሆን የሚችል ነገር ወደ ማለት ያደላል። «ስፖሶብኖስቲ» ቢባል ስልኩ ተሰጥዖ ያለው ያስመስለዋል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በሚመለከቱ ጽሑፎች ግን ሁለቱም ቃላት ይገኛሉ። ሰውንም ማሽንንም ያለ ችግር የሚያገለግለው «ራቦቶስፖሶብኖስት» ነው፦ ለሰው የመሥራት ብርታት፣ ለመሣሪያ በተፈለገው ሁኔታ መሥራት መቻል። የመስተዋድድ ነገርም አለ፤ «ስፖሶብኒ ክ» ብዙውን ጊዜ ለትምህርት ወይም ለሙያ ተሰጥዖን ሲያመለክት፣ «ስፖሶበን ና ፍስዮ» (ማንኛውንም ነገር ከማድረግ የማይመለስ) የተባለ ሰው ግን ከክፋትም ላይመለስ ይችላል።

የቃል ምርጫው ከሁሉ የከበደው በሕግ ዘርፍ ነው። የእንግሊዝኛው «ሊጋል ካፓሲቲ» (ሕጋዊ ችሎታ) በሩሲያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሁለት ይከፈላል፤ «ፕራቮስፖሶብኖስት» ማንኛውም ሰው ሲወለድ የሚያገኘው፣ መብትና ግዴታ የመያዝ አቅም ሲሆን፣ «ዴዬስፖሶብኖስት» በራስ ተግባር መብትን የመጠቀምና ግዴታ የመግባት አቅም ነው፤ ይህኛው በመደበኛው 18 ዓመት ሲሞላ ሙሉ ይሆናል፣ ፍርድ ቤትም ሊያነሣው ይችላል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በተባበሩት መንግሥታት ሲረቀቅ ጉዳዩ አከራከረ። በአንቀጽ 12 ላይ «ሊጋል ካፓሲቲ» የሚለው ሐረግ በዓረብኛ፣ በቻይንኛና በሩስኛ መብት የመያዝን እንጂ የመፈጸምን አቅም አያመለክትም የሚል የግርጌ ማስታወሻ በረቂቁ ላይ ገብቶ ነበር፤ ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ከመጽደቁ በፊት ማስታወሻው ወጣ። ሩሲያ በ2012 ያጸደቀችው ስምምነት የሩስኛ ቅጂ በዚህ አንቀጽ የሚጠቀመው «ፕራቮስፖሶብኖስት» የሚለውን ቃል ነው።