ኒንቴንዶ ቴትሪስ ውስጥ ተሸጉጦ የቀረው

ከላይ የሚወርዱ ብሎኮችን እየገጠሙ መስመር የሚያጠፉበትን የቪዲዮ ጌም፣ ቴትሪስን፣ የፈጠረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ነው፣ ሞስኮ ውስጥ። ከዚያ ወዲህ የወጡት ቅጂዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም። እዚህ የምናየው ግን አንዱን ብቻ ነው፤ የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ በ1989 እ.ኤ.አ. ኤንኢኤስ ለተባለው የቤት ውስጥ ጌም ማጫወቻው (ኮንሶሉ) ያወጣውን።

ኮዱና ስዕሎቹ ተደምረው 48 ኪሎባይት ናቸው። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። እንዲህ ጠባብ ቦታ ውስጥ ማንም የማይጠቀምበት ነገር ተቀምጦ መገኘቱ ነው የሚገርመው።

ትልቁ ግኝት የሁለት ሰው ጨዋታ ነው። ሜኑው ላይ የለም፤ ኮዱ ውስጥ ግን አለ። የተጫዋቾችን ብዛት የምትይዝ አንዲት ባይት፣ ማለትም አንድ ቁጥር የሚቀመጥባት የሜሞሪ ቦታ፣ አለች። በተሸጠው ካሴት ላይ ሁሌም 1 ናት። በኢሙሌተር (ኮንሶሉን በኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም) ገብቶ 2 ያደረጋት ሰው ሜዳው ለሁለት ተከፍሎ ያገኘዋል፤ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ። ሁለተኛው ጆይስቲክም ይሠራል። አንዱ ብዙ መስመር ባንዴ ሲያጠፋ ለተቃራኒው ከታች የሚገፋ ቆሻሻ መስመር የሚልክ ኮድም ተጽፏል። ያልተሠራው መልኩ ነው። ከጀርባ ያለው ስዕል ለአንድ ሰው የተሣለው ስለሆነ ብሎኮቹ ፍሬሙና ጽሑፉ ላይ ይደራረባሉ። ያም ሆኖ ይጫወቱታል!

ለምን ተተወ? ብዙዎች ጊዜ አጥሯቸው ነው ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። በዚያው ዓመት ቴንገን የተባለው ኩባንያ ያወጣው ቴትሪስ የሁለት ሰው ጨዋታ ነበረው። ፍርድ ቤት ግን ብዙም ሳይቆይ ከገበያ አስወጣው። የቴንገኑ ይሻላል የሚሉ እስካሁን አሉ። ለውድድር የተመረጠው ግን የኒንቴንዶው ነው፤ ይህ ብቻውን በቂ መልስ ይመስላል። ከ2010 ጀምሮ በሚካሄደው የክላሲክ ቴትሪስ የዓለም ሻምፒዮና ሁለቱ ተፋላሚዎች በየራሳቸው ኮንሶል ነው የሚጫወቱት። ካሴቱ የነፈጋቸውን ፍልሚያ ራሳቸው ፈጠሩት ማለት ነው።

ሁለተኛው ቅሪት የሠሪዎቹ መሣሪያ ነው። መነሻ ስክሪኑን ዝም ብለው ቢተዉት ጌሙ ብቻውን መጫወት ይጀምራል። ያንን ማሳያ የቀዳው ኮድ አልወጣም፣ እዚያው አለ። ቢቀሰቀስ እንኳ ፋይዳ የለውም፤ የሚጽፍበት ቦታ በተሸጠው ካሴት ላይ ለማንበብ ብቻ የተሠራ ነው።

ቀለሞቹ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ማንም ሆን ብሎ አልደበቃቸውም። ጌሙ አሥር የቀለም ስብስቦች አሉት፤ የትኛውን እንደሚወስድ ለማወቅ ከሌቭሉ ቁጥር ላይ፣ ከአሥር በታች እስኪሆን፣ አሥር አሥር እየቀነሰ ይሄዳል። ሌቭል 138 ላይ ስሌቱ ይስታል። 138 ሲቀነስ 10 ስንት ነው? 128። ማሽኑ ግን ይህን ከዜሮ በታች አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ መቀነሱን ትቶ ከሰንጠረዡ ውጭ ያገኘውን ባይት ሁሉ ቀለም ነው ብሎ ይቀባል። ሌቭል 148 ላይ ብሎኮቹ ጠቁረው በጭንቅ ነው የሚታዩት። ሌቭል 29 ላይ ፍጥነቱ ጣት ስለሚያሸንፍ ለብዙ ዓመታት እነዚህ ቀለሞች ጋ የደረሰ ሰው አልነበረም። ሮሊንግ የሚባለው፣ ጆይስቲኩን ከጀርባው በጣቶች በተራ እየመቱ የሚጫወቱበት ስልት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. አንድ የ13 ዓመት ልጅ ሌቭል 157 ደርሶ ጌሙን ቀጥ አድርጎ አቆመው።

ሻምፒዮናው ላይ ግን እነዚህ ቀለሞች አይታዩም። ከ2023 ጀምሮ የሚጫወቱት ሌቭል 39 ላይ ፍጥነቱ እጥፍ እንዲሆን በተቀየረ ቅጂ ነው።