«ለወጥ ያልሆነው ለዘር ይሁን»፦ ስለ ጓሮ ድንች የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

ግንቦት ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። እዚህ ጎንደር ከአዘዞም ይደወል ከማራኪ፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ጓሮዬ ላይ ድንች ልተክል ነው፤ ምን ማዳበሪያ ላድርግበት?» እኔ ደግሞ «ዘሩን ከየት አመጣኸው?» እላለሁ። «ዘርማ ሞልቷል! ማድቤት ጥግ ጎንቁሎ የተቀመጠ ትንንሽ ድንች አለ፤ ለመላጥም አይመች።» የግብርና ባለሙያ ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ለመላጥ እንኳ የናቁትን ድንች ለአንድ ክረምት ድካም ያምኑታል። ስለዚህ በዚሁ ልጀምር።

ድንች እንደ ጎመን ከፍሬ አይደለም የምናበቅለው። መሬት ውስጥ የምንቀብረው ራሱ ድንቹ ከተክሉ ግንድ የወጣ አካል ነው፤ ዓይን የምንለውም እምቡጡ ነው። ስለዚህ አዲስ የሚበቅለው ያው የአምናው ተክል ነው፣ ከነበሽታው። ድንችን ከሚያጠቁት ቫይረሶች መካከል አንዱ ቅጠሉን ይጠቀልለዋል፣ ሌላው ያዥጎረጉረዋል። ሁለቱንም ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ነው። ቫይረስ ተክሉን ባንዴ አይገድለውም፤ ያቀጭጨዋል፣ የቀጨጨ ተክል ደግሞ ትንንሽ ድንች ይይዛል። እንግዲህ ትልልቁን ለገበያና ለወጥ አውጥተን ትንንሹን ለዘር ስናስቀር፣ ሳናውቀው በየዓመቱ የታመመውን እየመረጥን ነው። ጥቂት ዓመት እንዲህ ከሄደ በኋላ ምርቱ እፍኝ ሲሆን «አፈሩ ደከመ» ይባላል። «ዓይን በላው» የሚልም አይጠፋም።

ጠዳ አካባቢ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። «ልጄ፣ ይኼ መሬት ድንች ሰለቸው» ብለው አስጠሩኝ። ሄጄ ሳይ ድንቹ ቁጭ ብሏል፤ ከታች በኩል ያለው ቅጠሉ ጠርዙ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ቱቦ መስሏል። አንዱን ቅጠል በጣቴ ጨበጥ ሳደርገው እንደ ደረቅ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ጤነኛ የድንች ቅጠል ለስላሳ ነው፣ እንዲህ አይልም። እዚያው አጠገቡ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የተከሉት ጎመን ግን ጠቁሮ፣ ቅጠሉ ሰፌድ አክሎ ቆሟል።

«እትዬ፣ መሬቱ ደክሞ ቢሆን ይኼ ጎመን ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«ጎመንማ ፍግ ይወዳል።»

«ድንቹስ ያው ፍግ አይደል ያገኘው? ዘሩ የማን ነው?»

«የራሴ ነዋ! ስንት ዓመት ያቆየሁት!» አሉኝ በኩራት።

በማግስቱ ዓመት ከዳባት በኩል ዘር ከሚያባዛ ገበሬ ንጹሕ ዘር አስመጥተው፣ ድንች ባልነካው የጓሮው ጥግ ላይ በዚያው ፍግ ተከሉ። ድንቹ ያዘላቸው። ስለ መሬቱ መሰልቸት ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ደግሞ በተቃራኒው የሚሳሳት አለ፦ «እሺ፣ ትልልቁን እተክላለሁ» ይላል። እንደዚያም አላልኩም። የዶሮ እንቁላል የሚያህል ድንች ለዘር ተስማሚ ነው፤ ዋናው የየትኛው ተክል ልጅ እንደሆነ ማወቁ ነው። ድንቹ ማበብ ሲጀምር ጓሮው ውስጥ ዞሩ። ቅጠሉ ያልተጠቀለለ፣ ያልተዥጎረጎረ፣ ግንዱ ጠንካራ የሆነውን እየመረጣችሁ አጠገቡ እንጨት ትከሉ። ሲደርስ እንጨት ያለበትን ለብቻ ቆፍሩ። ቆፍራችሁም ካያችሁ በኋላ ብዙና ደህና የያዘውን ብቻ ለዘር አስቀሩ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ትንሽ መዞር ብቻ ነው።

መነሻውን ግን ከታወቀ ቦታ ግዙ። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት ጉደኔና በለጤ፣ ከአዴት የወጡት ዘንገናና ጓሳ ስማቸው የታወቀ ዝርያዎች ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ላይ በመደብ የተዘረጋው ድንች የመጣው ለወጥ ነው፤ ሻጯም ዝርያውን አታውቅም፣ ማወቅም አይጠበቅባትም።

ከማይታወቅ ዘር ጋር የሚመጣ ከቫይረስ የከፋ ጣጣም አለ፣ እሱም የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ተክሉ አረንጓዴ እንደሆነ፣ አፈሩም እርጥብ ሆኖ ሳለ በጠራራ ፀሐይ ይጠወልጋል። ሰው «ውሃ ጠማው» ብሎ ያጠጣዋል፣ ውሃው ደግሞ ባክቴሪያውን ወደ ጎረቤት ተክል ይወስደዋል። መለየት ከባድ አይደለም። ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጣችሁ ጥርት ያለ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ ንከሩና ሳትነካኩ ጠብቁ። ከተቆረጠበት ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች መውረድ ከጀመረ አበቃ። መድኃኒት አትፈልጉ፣ የለውም። ተክሉን ከነድንቹና ከነዙሪያ አፈሩ አውጥታችሁ አስወግዱ። እዚያ መደብ ላይ ለዓመታት ድንችም፣ ቲማቲምም፣ በርበሬም አትትከሉ፤ ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ነጭ ሽንኩርት ወይም ባቄላ ይሁንበት።

«አረንጓዴ የሆነ ድንች ለምንም አይሆንም።» ለመብላት አይሆንም፤ ይኼ ትክክል ነው። ቀቅለነው ይጠፋል የሚሉም ተሳስተዋል፣ መርዙ በመቀቀል አይለቅም። ለዘር ግን አረንጓዴው ይመረጣል። ጨለማ ውስጥ የከረመ ድንች የሚያወጣው ጎንቁል ነጭ፣ ረዥምና ልምሾ ነው፤ ስታነሱት ይቀነጠሳል። ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ግን ብርሃን በሚገባበት ቦታ፣ ለምሳሌ በረንዳ ላይ ከእንጨት በተሠራ ቆጥ ላይ በስሱ የተዘረጋው ደግሞ አጭር፣ ወፍራምና ጠቆር ያለ ጎንቁል ያወጣል። የሚተከለው እሱ ነው። ትናንት የተቆፈረ ድንች ዛሬ ተተክሎ አልበቅል ቢላችሁም አትደነቁ፤ አብዛኛው ዝርያ ከተቆፈረ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ካልተኛ አይጎነቁልም።

«ድንች ደጋ እንጂ ጎንደር ከተማ አይሆንም።» ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ይሆናል።

«ካላበበ ድንች አልያዘም።» አበባና ድንች አይገናኙም፤ ሳያብብ የሚይዝ ሞልቷል።

«ቅጠሉ ካማረ ሥሩም ያምራል።» ዩሪያ ያበዛ ሰው ቅጠል ይሰበስባል።

«ትኩስ ፍግ ኃይል አለው።» አለው፣ እከክ (የድንቹን ቆዳ የሚያሻክር በሽታ) የማምጣት ኃይል። በደንብ ያልበሰበሰ ፍግ ድንች ላይ አታድርጉ። አመድም ስታበዙበት እከኩን ያባብሰዋል።

«ቆርጦ መትከል ዘር ይቆጥባል።» በበጋ፣ የተቆረጠው ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ከቆየና በያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቢያንስ ሁለት ዓይን ካለ ይሁን። በክረምት ዋልካ አፈር ውስጥ ግን ይበሰብሳል። በዚያ ላይ አንድ የታመመ ድንች የቆረጠ ቢላ በሽታውን ለቀሩት ሁሉ ያዳርሳል።

«ምች መታው።» ሐምሌና ነሐሴ ይህን የማልሰማበት ሳምንት የለም። ዝናብ ዘንቦ ፀሐይ ሲወጣ ቅጠሉ ተቃጠለ ይሉኛል። ፀሐይዋ ምንም አላደረገችም። ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ገብቶ ሕዝቡን ለዓመታት በረሃብ የፈጀው ያው በሽታ። ጠዋት ጤዛው ሳይነሳ ጠቆር ያለ፣ ውሃ የጠጣ የመሰለ ነጥብ ያለበትን ቅጠል ገልብጡት፤ በነጥቡ ዙሪያ ነጭ ስስ ሻጋታ ታያላችሁ። ብርድና እርጥበት ይወዳል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ መደቡን ጥቁር ሊያደርገው ይችላል። ማንኮዜብ የሚባለው ፀረ-ፈንገስ መድኃኒት የሚረጨው በሽታው ሳይገባ ለመከላከል ነው፤ ጥቁር ከሆነ በኋላ መርጨት ገንዘብ መበተን ነው። ለጓሮ የሚሻለው የሚቋቋም ዝርያ መርጦ፣ አራርቆ መትከል ነው፦ በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር። ውሃ በፈረቃም ቢሆን የምታገኙ ከሆነ ደግሞ በበጋ መትከል ከዚህ በሽታ በብዙ ያሳርፋል። ስታጠጡ ከሥሩ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ።

«አፈር ማስታቀፍ ለትልቅ እርሻ ነው።» ይኼም ከየት እንደመጣ አይገባኝም። አዲሱ ድንች የሚይዘው ከተተከለው በላይ፣ ከተቀበረው ግንድ በሚወጡ ክር መሰል ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ነው። አፈር ካላገኙ ወደ ውጭ ወጥተው ቅጠል ይሆናሉ፤ ላይ ላዩን የያዘውም ድንች ፀሐይ አግኝቶት አረንጓዴ ይሆናል። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲሆን አንድ ጊዜ፣ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ጊዜ ኮትኩታችሁ አስታቅፉት። ዋልካ ላይ የምትተክሉ ከመጀመሪያውም መደቡን ከፍ አድርጉት፣ ውሃ እንዳይተኛበት።

የመጨረሻው የችኮላ ነገር ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ያን ዕለት መቆፈር አለበት ይባላል። ግንዱን ከላይ እጨዱና ድንቹን አፈር ውስጥ አሥር፣ አሥራ አምስት ቀን ተዉት። ከዚያ አንዱን አውጥታችሁ ቆዳውን በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት። ከተላጠ ገና ነው። ካልተላጠ፣ ዝናብ የሌለበት ጠዋት መርጣችሁ ቆፍሩ። መጀመሪያ እንጨት የተከላችሁባቸውን።