የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ ምንድን ነው? ከቮልቴጅና ከከረንትስ እንዴት ይሰላል?

የኤሌክትሪክ ምጣድ ተገልብጦ ከሥሩ ቢታይ፣ በሸክላው ላይ በወጣለት ቦይ ውስጥ እየዞረ የተዘረጋ ጥምዝምዝ ሽቦ ይገኛል። ከሶኬቱ ወደ ምጣዱ በሚመጣው የመዳብ ገመድና በዚህ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) እኩል ነው፤ ሆኖም ገመዱ ቢበዛ ለብ ሲል ሽቦው እንደ ፍም ይግላል። ይህን ልዩነት የሚፈጥረው ሬዚስታንስ ነው። ሬዚስታንስ ማለት አንድ አካል በውስጡ ለማለፍ የሚሞክረውን የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገታበት መጠን ሲሆን፣ የሚለካውም በኦም ነው።

የመለኪያው ስም የተወሰደው ከጀርመናዊው ጌዮርግ ሲሞን ኦም ነው። እርሱ በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ ሙቀቱ ባልተለወጠ የብረት ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ከቮልቴጁ ጋር በእኩል ምጣኔ እንደሚጨምር አስረዳ። ቮልቴጅ ፍሰቱን የሚገፋው ግፊት ሲሆን በቮልት ይለካል፤ ከረንት ደግሞ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፈው የፍሰት መጠን ሲሆን በአምፔር ይለካል። ስለዚህ ሬዚስታንስን ለማግኘት ቮልቴጁን ለከረንቱ ማካፈል ይበቃል፦

ሬዚስታንስ = ቮልቴጅ ÷ ከረንት

በ220 ቮልት የሚሠራ ምጣድ 16 አምፔር ከሳበ፣ የሽቦው ሬዚስታንስ 220 ÷ 16 = 13.75 ኦም ይሆናል። ኃይሉን ለማግኘት ደግሞ እነዚያኑ ሁለት ቁጥሮች ማባዛት ነው፦ 220 × 16 = 3,520 ዋት። ይህ ምጣድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ ቢሠራ ቆጣሪው ላይ 3.52 ኪሎዋት ሰዓት ይመዘገባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በዕቃው ላይ የተጻፈው ዋት የዕቃው ቋሚ ጠባይ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሽቦው የራሱ የሆነው ሬዚስታንሱ ብቻ ነው፤ ዋቱ የሚገኘው የተጻፈው ቮልቴጅ ሲደርሰው ነው። ሁሉም ሰው እንጀራ በሚጋግርበትና መብራት በሚያበራበት ሰዓት ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ፣ ከረንቱ 180 ÷ 13.75፣ ማለትም ወደ 13.1 አምፔር ይወርዳል፤ ኃይሉም 2,356 ዋት ገደማ ይሆናል። ቮልቴጁ የቀነሰው 18 በመቶ ሆኖ ሳለ ኃይሉ 33 በመቶ መቀነሱ፣ ግፊቱ ሲቀንስ ፍሰቱም አብሮ ስለሚቀንስ ነው። ምጣዱ ሳይበላሽ «አልሞቅ አለ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒው ጉዳት የሚደርሰው ከአሜሪካ በሚመጡ ዕቃዎች ላይ ነው። በ120 ቮልት 1,200 ዋት እንዲሰጥ የተሠራ የውኃ ማፍያ 10 አምፔር ይስባል፤ ሬዚስታንሱም 12 ኦም ነው። ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ሳይኖር 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ከ18 አምፔር በላይ ይስባል፤ ኃይሉም ከ4,000 ዋት ያልፋል። ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

የምጣድ ጥገናም በዚሁ ስሌት ይመዘናል። ሽቦው ሲበጠስ የተቃጠለውን ክፍል ቆርጦ ጫፎቹን መልሶ ማያያዝ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ሽቦ ሬዚስታንስ ከርዝመቱ ጋር ስለሚሄድ፣ አንድ አሥረኛው የተቆረጠለት ምጣድ ሬዚስታንሱ ወደ 12.4 ኦም ወርዶ፣ ከረንቱ ወደ 17.8 አምፔር፣ ኃይሉም ወደ 3,900 ዋት ያድጋል። ምጣዱ «ከድሮው በለጠ» የሚያሰኘው ይኸው ነው፤ ነገር ግን ሽቦው ከተሠራለት በላይ ስለሚግል ቶሎ መልሶ ይበጠሳል፤ ገመዱና ብሬከሩም ያልታሰበላቸውን ጭነት ይሸከማሉ። በእኔ እምነት ተመሳሳይ ርዝመትና ውፍረት ያለው አዲስ ሽቦ መግዛቱ ይሻላል።

ሬዚስታንስን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) በቀጥታ መለካት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ዕቃውን ከሶኬት መንቀል አለበት። የምጣድ ሽቦ የሚሠራበት የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ሲግል ሬዚስታንሱ እምብዛም ስለማይለወጥ፣ በቀዝቃዛው የተገኘው ቁጥር ለስሌት ይሆናል። አሮጌው ባለ ክር አምፖል ግን እንዲህ አይደለም፤ በ220 ቮልት የሚበራ የ100 ዋት አምፖል ሲበራ 484 ኦም ሲሆን፣ ጠፍቶ ሲለካ ከ50 ኦም በታች ሆኖ ይገኛል። እንደ ማቀዝቀዣ ሞተር ያላቸው ዕቃዎች ላይም፣ ቮልቴጁንና ከረንቱን ማባዛት ብቻውን ትክክለኛውን ዋት አይሰጥም።

ከዕቃዎቹ ውጭ፣ ሬዚስታንስ ሳይፈለግ የሚፈጠርበት ቦታ የላላ ሶኬት ነው። መገናኛው ላይ ግማሽ ኦም ብቻ ቢፈጠር፣ ከላይ የተጠቀሰው የ13.75 ኦም ምጣድ 15.4 አምፔር ሲስብበት፣ ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሬዚስታንሱ ሲባዛ 119 ዋት ገደማ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከሶኬቱ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። በዚያው ሶኬት ላይ አንድ አሥረኛ አምፔር የሚስብ የስልክ ቻርጀር ቢሰካ ግን የሚፈጠረው ሙቀት ከ0.005 ዋት አይበልጥም፤ ስለዚህ ቻርጀር በደህና የሠራበት ሶኬት ለምጣድም ደህና ነው ማለት አይቻልም።